ከጋሽ አብዱ ትሪ ላይ የቀረችው ጠብታ ደም

ጋሽ አብዱ መሞቱን የነገረኝ የጤና ጣቢያችን ዘበኛ ነው። እሑድ ጠዋት ተረኛ ነበርኩ። ወረፋው በማለዳው ከላቦራቶሪው በር አልፎ ግቢው ውስጥ እስካለው ግራር ድረስ ተሰልፏል፤ በዚያ ሰሞን ድሬ ዳዋ በወባ ትነድ ነበር። ዘበኛው በሰዉ መሃል ሰንጥቆ መጣና መስኮቱን በጣቱ ቆረቆረ።

«ትዕግስት፣ ጋሽ አብዱ አረፈ። ትናንት ከሰዓት፣ ሆስፒታል። አሁን ሊቀብሩት ነው» አለኝ።

የአንዲት ሴትዮ ጣት እጄ ላይ ነበር፤ ልወጋት መርፌውን አንስቻለሁ። ሴትዮዋ «ኢና ሊላሂ» አለችና ጣቷን ሳትሰበስብ ጠበቀችኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር።

«በምን?» አልኩት።

«በወባ ነዋ! ወደ ጭንቅላቱ ወጥታ ነው አሉ።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወባን በማይክሮስኮፕ ሲያሳድድ የኖረ ሰው በወባ ሞተ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ይህንኑ እያነሳ ከንፈሩን መጠጠ። እኔ ግን ከዚያ በላይ የማውቀው ነገር አለኝ። በሞቱ ውስጥ የእኔ እጅ አለበት። ይህን ደብቄ ስለ ደግነቱ ብቻ ብጽፍ እሱ ራሱ ይስቅብኛል።

ያወቅሁት ከሰባት ዓመት በፊት ነው፤ ከኮሌጅ ወጥቼ እዚያው ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ስቀጠር። አጭር፣ ቀጭን ሰው ነው። ጋውኑ ሁልጊዜ ለሌላ ሰው የተሰፋ ይመስል እጅጌው ሁለት ጊዜ ይጠቀለላል። መነጽሩን በጫማ ክር አስሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል፤ እርሳሱ ጆሮው ላይ ነው። እኔ የከዚራ ሰፈር ልጅ ነኝ፤ እናቴ ትልቅ ሰው «እርስዎ» እያልኩ እንዳድግ ቀጥታኛለች። በመጀመሪያው ቀን «እርስዎ» ስለው ዞር ብሎ ከኋላው ሰው ፈለገ።

«አቦ፣ ማንን ነው?» አለኝ። «ድሬ ውስጥ እርስዎ የሚባል ሰው የለም። አንተ በይኝ። ከከበደሽ ጋሽ የምትለዋን ጨምሪባት።»

ጨመርኩባት፤ እስከ መጨረሻውም ጋሽ አብዱ፣ አንተ፣ እያልኩት ኖርኩ።

ተወልዶ ያደገው ጠባብ መንገድ በበዛበት አሮጌው የገበያ ሰፈር፣ መጋላ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ አዙሮ በሶማልኛ ይጨርሰዋል፤ አግዳሚው ላይ የተቀመጠ በሽተኛ ሁሉ የየድርሻውን ይሰማል። ከሥራ ወደ ቤቱ ሲሄድ በየደጁ የተቀመጠ በርሜል እየከፈተ ውስጡን ያያል። የወባ ትንኝ ረግረግና ወንዝ ዳር ብቻ ትኖር የነበረበት ዘመን አልፏል፤ አሁን የመጣችው ከተማ ወዳድ ናት፣ በንጹሕ ውኃ ትራባለች፣ በጋ ክረምት አትልም። እሱም ይህን ካወቀ ወዲህ የሰው በርሜል አላሳልፍ አለ። ሴቶቹ «የሰው ውኃ ምን አገባህ!» ብለው ይጮሁበታል። «ውኃው ያንቺ ነው፣ ትንኟ ግን ወደኔ ነው የምትመጣው» ይላቸውና ክዳኑን ራሱ ገጥሞ ይሄዳል።

አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የሚያደርጋት አንዲት ነገር ነበረችው። ቁርሱ ላሆ ነው፤ ሶማሌዎች የሚጋግሩት ስስ፣ ለስላሳ ቂጣ። ባለቤቱ እትዬ ፋጡማ ማር ቀብታ ትቋጥርለታለች። እትዬ ፋጡማን በዚሁ ላስተዋውቃችሁ፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ ድፍን መጋላ ምላሷን ይፈራል። በሦስተኛው ቀኔ ጋሽ አብዱ ግራሩ ሥር አስቀመጠኝና ሁለት ትንንሽ ላሆ አወጣ፤ አንዷ የዛሬ፣ ሌላዋ ፀሐይ ላይ የከረመች። አጠገቡ የሻይ ብርጭቆ አቆመ።

«ይቺ ቀይ የደም ሴል ናት» አለኝ ትኩሷን አንስቶ። «ክብ ናት፣ መሃሏ ሰርጎድ ያለ። አንጎልሽ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ግን ከሷ ይጠባሉ። ታዲያ በምን ታልፋለች?»

ኮሌጅ ያስተማሩኝን ለማስታወስ ዐይኔን ጨፈንኩ። እሱ ግን አልጠበቀኝም፤ ላሆዋን አጥፎ፣ ጠቅልሎ ብርጭቆው ውስጥ ሰደዳት። መልሶ ሲያወጣት ተዘረጋች።

«አየሽ? ስትታጠፍ፣ ስትዘረጋ ትውላለች። ሥራዋ ይኸው ነው። ጤና ማለት መታጠፍ መቻል ነው።»

ቀጥሎ ደረቋን አነሳ። ብርጭቆው አፍ ላይ ቀረች። ሲገፋት ተሰነጠቀች።

«ወባ ማለት ደግሞ ይቺ ናት። ፓራሳይቱ ሴሏ ውስጥ ይገባና ያደርቃታል። መድረቁ ሳያንስ ላይዋ ላይ ጉብ ጉብ ያወጣባትና ከሥሩ ግድግዳ ጋር ያጣብቃታል። አንዷ ስትቆም ከኋላ ያለው ሁሉ ይቆማል። መጋላ ውስጥ አንድ ጋሪ ሲሰነቀር የሚሆነውን ታውቂያለሽ አይደል?»

አውቃለሁ። አንድ ጋሪ ከጠባቡ መንገድ ላይ ሲሰነቀር ባጃጁ፣ ተሸካሚው፣ ነጋዴው፣ ሁሉም ባለበት ይቆማል፤ ከዋናው አስፋልት ሆኖ የሚያይ ግን መኪናው ሁሉ እየሮጠ ስለሆነ ምንም አይታወቀውም።

«ስለዚህ» አለኝ ጣቱን ቀስሮ፣ «ጣት ወግተሽ የምታገኚው የሚሮጠውን ደም ነው። የቆመውን አታገኚውም። የሚገድለው ግን የቆመው ነው። ደሙን የቀባሽበት ስላይድ ላይ ጥቂት አየሁ ብለሽ ጥቂት ታሟል እንዳትዪ።»

ከዚያ ማር የተቀባችዋን ቆርሶ አጎረሰኝ።

ይህን ትምህርት ከመጽሐፍ እንዳላገኘው ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በወጣትነቱ ከድሬ ወጣ ብላ ባለችው መልካ ጀብዱ ይሠራ ነበር። አንድ ገበሬ የስምንት ዓመት ልጁን አዝሎ መጣ። ጋሽ አብዱ ደሟን አየ፤ ፓራሳይቱ እዚህም እዚያም አንድ አንድ ብቻ ነው። «ጥቂት ነው» ብሎ ጻፈ፤ ለአባትየውም እንዲሁ ነገረው። ኪኒን ተሰጥቷት ወደ ቤቷ ተመለሰች። በማግስቱ አባትየው ብቻውን መጣ። ልጅቷ ሌሊቱን ራሷን ስታ ጠዋት ሞታለች።

«አልተቆጣኝም» አለኝ ጋሽ አብዱ። «ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ በኦሮምኛ ‹ጢቆ ጄቴ ሚቲ?› አለኝ። ጥቂት ነው ብለህ አልነበር? ከልቡ ነው የጠየቀኝ፤ መልሱን ፈልጎ። ጥቂት እንዴት ሰው ይገድላል?»

ያንን መልስ ፍለጋ ነው ዕድሜውን የጨረሰው ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ስላይዱ የፈለገውን ይበል፣ ተነስቶ አግዳሚው ዘንድ ሄዶ በሽተኛውን ሳያይ ውጤት አይጽፍም። አውራ ጣቱን ይይዝና ጥፍሩን ጫን ያደርጋል፤ ይነጣል፤ ይለቀውና ቅላቱ እስኪመለስ ይጠብቃል። ከዘገየበት ጉንጩን መታ መታ እያደረገ ስሙን ይጠይቀዋል፣ የእናቱን ስም፣ ዕለቱን። ነርሶቹ «ጥፍር ቆራጩ» ብለው ስም አወጡለት። ስሙ ደስ ይለው ነበር። «የሰው ደም መመለሱን ሳላይ ወረቀት አልመልስም» ይላል።

ሌላም ነገር አስተምሮኛል። ነጭ የደም ሴሎችን «የከተማ ጽዳት» ይላቸዋል። ፓራሳይቱ ደም በልቶ የሚጥለውን ጥቁር ቅሪት እነሱ ናቸው የሚለቅሙት። «እሳቱን ባታዪው እንኳ የጽዳቶቹን እጅ እዪ» ይለኝ ነበር። «እጃቸው ጥቀርሻ ከሆነ አንድ ቦታ ብዙ ተቃጥሏል ማለት ነው። ያኔ ወረቀት አትጻፊ፤ ሩጪ።»

ሁለት ጊዜ ሮጫለሁ። ሁለቱም ልጆች ዛሬ ትምህርት ቤት ናቸው።

ዐይኑ መድከሙን ያወቅሁት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። «ንጹሕ» ብሎ ያለፈው ስላይድ በአጋጣሚ እጄ ገባና ሳየው ፓራሳይት አለበት። ምንም ሳልናገር ውጤቱን አረምኩት። እሱም ሳርመው አየኝ፤ እሱም ምንም አልተናገረም። ሁለቱም ዐይኑ ላይ ሞራ ወጥቶበታል። በማግስቱ ከቤቱ ጽጌረዳ የተሳለበት አሮጌ የሻይ ትሪ ይዞ መጣና በሁለታችን ወንበር መሃል አስቀመጠው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንብቦ የጨረሰውን ስላይድ ትሪው ላይ ይደረድራል፤ እኔ ደግሞ ዝም ብዬ አንስቼ እንደገና አነባለሁ። ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ሞራውን እንዲያስገፍፍ ስጨቀጭቀው «ሥራው ቀለል ሲል» ይለኛል። ጡረታው ሊደርስ አንድ ዓመት ተኩል ቀርቶታል፤ ከማይክሮስኮፑ እንዳያነሱት ፈርቷል።

ለኃላፊያችን መናገር ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። ሰው ግን ከወደደው ሰው ጋር ሲጠፋ መጥፋቱ አይታወቀውም።

ያ የወባ ሰሞን ሲመጣ ነገሩ ሁሉ ከበደ። ፈጣን መመርመሪያው አልቆ ሁሉም በማይክሮስኮፕ ሆነ። ስላይዱ እንደ ጠጠር ይፈሳል፤ እኔ የራሴን አንብቤ የሱን ደግሜ አነባለሁ። ስሜ ትዕግስት ነው፤ ስሙን ያወጣችልኝ አክስቴ ገና ሳታውቀኝ ነበር። አንድ ረቡዕ ከምሳ በፊት ትሪው ሞልቶ ሳየው ነደደኝ። ሦስት ተለማማጅ ተማሪዎች አጠገባችን ቆመዋል።

«ጋሼ፣ እኔ ያለኝ ሁለት ዐይን ነው» አልኩት ድምፄን ከፍ አድርጌ። «የራሴንም ያንተንም ማንበብ አልችልም። ወይ ለኃላፊያችን ንገራት፣ ወይ እኔ እነግራታለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ይሄን ትሪ አላየውም!»

ተማሪዎቹ ጫማ ጫማቸውን አዩ። ጋሽ አብዱ መነጽሩን አወለቀ፣ በጋውኑ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው።

«ልክ ነሽ» አለኝ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ግን ሲያመልጠኝ ታውቆኛል፤ ለመመለስ ግን ኮራሁ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ማንበቡን ተወ። ጣት ይወጋል፣ ቀለም ይቀባል፣ ያደርቃል፤ ስላይዱን ሁሉ በቀጥታ ለኔ ያቀብለኛል። ሲያቀብለኝም ለእንግዳ እንደሚሰጥ ሰው በሁለት እጁ ነበር። ባዶው ትሪ ዐይኔን ወጋኝና ተጽፎ ያለቀ የመዝገብ ደብተር ጣልኩበት።

ሐሙስ ጠዋት ጥግ ላይ ቆሞ የራሱን ጣት ሲወጋ በጎን አይቼዋለሁ። አዲስ ቀለም ሲበጠብጥ በራሱ ደም የመሞከር ልማድ ነበረው፤ ቀለም እየሞከረ መሰለኝ። ከምሳ በፊት «ራሴን አሞኛል፣ ልሂድ» አለ። ኩርፊያ ነው ብዬ ዐይኔን ከማይክሮስኮፑ ሳላነሳ «እሺ» አልኩት። እሱ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ሁሉ ጥፍር እየጫነ ሲያሳየኝ ኖሮ፣ እኔ ያን ቀን ፊቱን እንኳ ቀና ብዬ አላየሁለትም።

ዓርብ ቀረ። ጁምዓም ነው፣ ኩርፊያም አለ ብዬ ተውኩት። ሊደውል ይችል ነበር፣ ልደውል እችል ነበር፤ ሁለታችንም አልደወልንም። ቅዳሜ እረፍቴ ነበር። እሑድ ዘበኛው መስኮቱን ቆረቆረ።

ከሰዓት በኋላ ተተክቼ መጋላ ወረድኩ። ሴቶቹ የተቀመጡበት ክፍል ገባሁ። እትዬ ፋጡማ ምንጣፉ ላይ የልብስ ስፌት መኪናዋን ተደግፋ ተቀምጣለች። ስታየኝ አጠገቧ ያሉትን ገፋ ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝና እጄን ያዘችኝ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ትተርክልኝ ጀመር፤ ሐዘንተኛ እንደሚያደርገው፣ ከመጀመሪያው።

«ሐሙስ ትኩሳት ይዞት ገባ። ሆስፒታል እንሂድ ብለው ‹ደሜን ሰጥቻለሁ፣ ትሪው ላይ አስቀምጬላታለሁ፣ ትዕግስት ታየዋለች› አለኝ። ዓርብ ባሰበት። ደውልላት ስለው ‹ተያት፣ ሥራ በዝቶባታል፣ አታስቸግሪያት› አለኝ። ‹ካልደወለች ወባ የለም ማለት ነው። እሷን አንዲትም አታመልጣትም› አለኝ ወላሂ። እኛም ቅዳሜ ራሱን ስቶ ሆስፒታል እስክንወስደው ድረስ ስልኩን ስናይ ቆየን። ሳትደውዪ ስትቀሪ ደስ አለን።»

እጄ እጇ ውስጥ ነበር። ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ተነስቼ ወጣሁ፤ ባጃጅ ይዤ ጤና ጣቢያው እስክደርስ መንገዱ ላይ ማን እንደነበረ፣ ምን እንዳየሁ አላውቅም።

ትሪው ላይ የጣልኩትን ደብተር አነሳሁት። ትሪው መሃል፣ ጽጌረዳዋ ላይ፣ አንዲት ስላይድ ብቻዋን ተቀምጣለች። ጫፏ ላይ በእርሳስ «አ» ተጽፎባታል፤ ሌላ ነገር የለም። ልክ እንደ ሁልጊዜው ንጹሕ አድርጎ ቀብቷታል። ስሙን አልጻፈም፣ አላቀበለኝም፣ «እስቲ እይልኝ» አላለኝም። አላይም ስላልኩት ይሉኝታ ያዘው። ግን ከደብተሩ ሥር፣ በለመድነው ቦታ አስቀመጣት፤ ንዴቷ ሲበርድ ደብተሩን ታነሳዋለች ብሎ።

የዘይት ጠብታ አድርጌባት በማይክሮስኮፕ አየኋት። ፓራሳይቱ ጥቂት ነው፤ እዚህ አንድ፣ ራቅ ብሎ እዚያ አንድ። ችኩል ሰው ቢያነበው «ጥቂት» ብሎ ያልፈዋል። ከዚያ ነጭ ሴሎቹን ፈለግሁ። የመጀመሪያው ጥቁር አለበት። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም። የጽዳቶቹ እጅ ሁሉ ጥቀርሻ ነበር። ሩጪ የሚል ስላይድ ነው። ሐሙስ ጠዋት ነበር መሮጥ የነበረብኝ፤ ከኔ ወንበር እስከሱ ወንበር አንድ ክንድ አይሞላም።

እንባዬ የማይክሮስኮፑን መነጽር ሲሸፍነው ሁሉም ነገር ነጭ ጭጋግ ሆነ። ጋሽ አብዱ ሁለት ዓመት ሙሉ ያየው ይህንን ነበር ማለት ነው። የሚሠራበትን መዝገብ ገልጬ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ውጤቱን በእስክሪብቶ ጻፍኩ። ቀኑንም የሐሙስ አላደረግሁትም፤ ያነበብኩበትን የእሑድን ቀን ጻፍኩ።

በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ሄድኩ። እትዬ ፋጡማን ወደ ጓዳ ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳት፤ ረቡዕ ተማሪዎቹ ፊት የተናገርኩትን፣ የጣልኩበትን ደብተር፣ ስላይዷን። የሙስበሃዋን ዶቃ እየቆጠረች ነበር፤ ጣቷ ቆመ።

«ሐሙስ ብታዪው ኖሮ ይድን ነበር?» አለችኝ።

«አላውቅም» ልላት ነበር። ጋሽ አብዱ ግን በዚያ አባት ፊት ቆሞ መልስ ያጣበትን ቀን አስታወስኩ።

«ይድን ነበር ይመስለኛል» አልኳት።

ከውጪ የሚቀራው ቁርአን ይሰማል። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እንድትጮህብኝም ፈለግሁ። ምላሷን የሚፈራው መጋላ ሁሉ ቢሰማ ይቀለኝ ነበር።

«ዛሬ ሥራ የለሽም?» አለችኝ።

«አለኝ። አስፈቅጄ ነው።»

«ወረፋው አልቋል?»

«አላለቀም።»

«ታዲያ አሁን ማን እያየላቸው ነው?»

ሙስበሃዋን በያዘችበት እጇ በሩን አሳየችኝ።

«ተነሺ። የሱ አንድ ጊዜ ቀርቷል። እዚህ ቁጭ ብለሽ ደግሞ የማንን ልታስቀሪ ነው?»

ይቅር አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። በባጃጅ ተመለስኩ። ወረፋው እስከ ግራሩ ነበር። ጋውኔን ለበስኩና ከመቀመጤ በፊት ትሪውን አየሁ፤ ዛሬም ድረስ ሳላየው አልቀመጥም፣ ሳላየው ወደ ቤቴ አልሄድም። ባዶ ነበር። ከዚያ ወደ አግዳሚው ወጣሁ። መጀመሪያ የተቀመጡት ራሳቸውን በእርጥብ ፎጣ ያሰሩ አዛውንት ናቸው። አውራ ጣታቸውን ያዝኩና ጥፍራቸውን ጫን አደረግሁት። ነጣ። ለቀቅሁትና እስኪቀላ ድረስ ቆሜ ጠበቅሁ።